«ያልቸኮለ ያሸንፋል» የተባለው ለማን ነው?

ዘቂርቆስ፦ ትናንት አንድ የኢኮኖሚ ተንታኝ በሬዲዮ «የዕዳ ድርድር ጨዋታ ነው፤ ያልቸኮለ ያሸንፋል» ሲሉ ሰምቼ ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልጥቀስና፣ ኢትዮጵያ በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ (ታላላቅ ኢኮኖሚ ያላቸው አገሮች የድሃ አገሮችን ዕዳ በጋራ ለማሸጋሸግ ባቋቋሙት አሠራር) ዕዳዋ እንዲሸጋሸግላት የጠየቀችው በ2021 መጀመሪያ ሲሆን፣ ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር በ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ላይ በመርህ ደረጃ የተስማማችው በማርች 2025 ነው። አራት ዓመት አልቸኮልንም። ምን አሸነፍን?

ሒሳብ ወዳድ፦ ተንታኙ የተናገሩት ትክክል ነው። በዲሴምበር 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ (መንግሥት ከውጭ ባለሀብቶች የተበደረበት ሰነድ) ወለድ ያልተከፈለው ካዝናው ስለሳሳ ብቻ ሳይሆን፣ መንግሥት እንዳለው አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት ነው። ቻይናና ፈረንሳይ የሚመሩት የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ ክፍያውን ለጊዜው እንድናቆም ከፈቀደልን በኋላ ለባለቦንዶቹ ብንከፍል ኖሮ፣ ኮሚቴው «እኛ የተውነው ገንዘብ ለእነሱ ኪስ ነው ወይ?» ባለ ነበር። ጌም ቲዎሪ (የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ) የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ ሁሉም አበዳሪ ሌላው እንዲምር ይመኛል፣ ራሱ ግን ሙሉውን መቀበል ይሻል።

የመርካቶዋ፦ እኔን ያልዋጠልኝ «ያልቸኮለ» የሚለው ቃል ነው። በድርድር ትልቁን ድርሻ የሚወስደው መጠበቅ የማይጎዳው ወገን ነው። በ2014 በ6.625 በመቶ ወለድ አንድ ቢሊዮን ዶላር ያበደረን ባለቦንድ «ችግራችሁ የጊዜያዊ ጥሬ ገንዘብ እጥረት ነው፤ ዕዳ መቀነስ አያስፈልጋችሁም» እያለ መከራከር ይችላል። እኔ ግን በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ሰሞን ለአባቴ የደም ግፊት መድኃኒት ልገዛ ሄጄ፣ ፋርማሲስቷ የድሮውን ዋጋ በእስክሪብቶ ሰርዛ አዲሱን ስትጽፍ ቆሜ አይቻለሁ። ከ57 ብር የተነሣው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። መጠበቁ ማንን እንደጎዳ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ሒሳብ ወዳድ፦ እህቴ፣ የአባትዎ ነገር ያሳዝነኛል፤ ነገር ግን የምንዛሪ ማሻሻያውና የዕዳ ድርድሩ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

የመርካቶዋ፦ አይደሉም። ማሻሻያው ለአይኤምኤፍ (ለዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት) የብድር ፕሮግራም የግድ ነበር፤ ፕሮግራሙም ዕዳውን እናቃልላለን ከሚል የአበዳሪዎቹ ማረጋገጫ ውጭ አይጸድቅም ነበር። ሰንሰለቱ አንድ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ «ጨዋታ» በሚለው ስም ባትጣሉ መልካም ነው። በእኛ ቋንቋ ጨዋታ ወግም ነው፤ ንድፈ ሐሳቡ ደግሞ እያንዳንዱ ወገን ሌላው ምን ያደርጋል ብሎ አስቦ መወሰኑን የሚያጠና እንጂ መቀለጃ አይደለም።

ዘቂርቆስ፦ ጋሼ፣ ከስሙ ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ተበዳሪውን እንደ ሙሉ ተጫዋች ከመቁጠሩ ጋር ነው። ዛምቢያ በኖቬምበር 2020 ክፍያ አቋረጠች፣ በጁን 2023 ከመንግሥታቱ ጋር በ6.3 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ላይ ተስማማች። ቀጥላ ከባለቦንዶቹ ጋር ስትስማማ፣ መንግሥታቱ «ባለቦንዶቹ የሰጧችሁ ቅናሽ እኛ ከሰጠናችሁ ጋር አይመጣጠንም» ብለው ስምምነቱን ውድቅ አደረጉባት። ከሁለቱም ጋር ተስማምታ እንኳ እስከ ማርች 2024 ጠበቀች። በየትኛው እርምጃዋ ነው ይህንን የምታሸንፈው?

ሒሳብ ወዳድ፦ ዛምቢያን ብቻ አይጥቀሱ። ጋና በዲሴምበር 2022 ክፍያ አቁማ፣ በኦክቶበር 2024 የባለቦንዶቹን ጉዳይ ጨርሳለች። ስልት ላለው ተበዳሪ መንገድ አለው።

የመርካቶዋ፦ ጋና እኮ ክፍያ ባቆመችበት በዚያው ወር የአገር ውስጥ ዕዳዋን ማሸጋሸግ ጀምራለች። የፈጠነችው ቸኩላ ነው። «ያልቸኮለ» የሚለውን በራስዎ ምሳሌ አፈረሱት።

ሒሳብ ወዳድ፦ አላፈረስኩትም። ጋና የፈጠነችው አበዳሪዎቹ በዛምቢያ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንዳባከኑ ሁሉም ወገን አይቶ ስለነበር ነው፤ ይህም ጨዋታው ሲደጋገም ተጫዋቹ ይማራል ከሚለው ጋር ይስማማል።

ዘቂርቆስ፦ እንግዲያው ለመማሪያ የሆነችው ዛምቢያ፣ ከሦስት ዓመት በላይ የጠበቀችበትን ማን ይከፍላታል? ከዚህ ጥያቄ አልነቃነቅም።