የፈረንሳይን ዘውድ የጣለው መጽሐፍ ነው ወይስ ዳቦ?

የሕግ ተማሪ፦
ትናንት ማታ ከጓደኛዬ ጋር ስንከራከር አምሽተን ሳንስማማ ተለያየን፤ ለእናንተ አመጣሁት። እኔ የምለው የ1789ን የፈረንሳይ አብዮት የወለዱት የአብርሆት ዘመን ፈላስፎች ናቸው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሞንቴስኪዩ በ1748 ሥልጣን በአንድ እጅ መጠራቀም የለበትም ብሎ ጻፈ። ሩሶ በ1762 ሉዓላዊነት የሕዝብ እንጂ የንጉሥ አይደለም አለ። አሁን ኦገስት 26 ቀን 1789 የጸደቀውን የሰውና የዜጋ መብቶች መግለጫ አንብቡ። አንቀጽ 6 ሕግ የአጠቃላዩ ሕዝብ ፈቃድ መግለጫ ነው ይላል፤ ይህ ሩሶ ነው። አንቀጽ 16 የሥልጣን ክፍፍል የሌለበት ማኅበረሰብ ሕገ መንግሥት አለው አይባልም ይላል፤ ይህ ደግሞ ሞንቴስኪዩ ነው። ያልተዘራ ዘር ይበቅላል?

ሒሳብ ሹም፦
ዘሩን ተወውና መዝገቡን ክፈት። በ1786 የገንዘብ ሹሙ ካሎን ሉዊ 16ኛ ፊት ቀርቦ የዓመቱ ጉድለት ከ100 ሚሊዮን ሊቭር (የዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ገንዘብ) በላይ መሆኑን ተናገረ። በ1788 ከመንግሥት ወጪ ግማሽ ያህሉ ለዕዳ ክፍያ ይሄድ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያማው የቬርሳይ ድግስ ከዚያ አጠገብ ሲቀመጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዕዳው የጦርነት ዕዳ ነው። እንግሊዝን ለመበቀል ሲባል የአሜሪካን ዐመፅ ለመደገፍ ከ1 ቢሊዮን ሊቭር በላይ ወጣ፤ አብዛኛውም በብድር። ንጉሥ ሪፐብሊክ ለማዋለድ ተበደረ ማለት ነው። ኦገስት 1788 ግምጃ ቤቱ ክፍያ አቆመ። በዚያ ሁሉ የብድር ወረቀት ላይ የሩሶን ፊርማ ፈልገህ አምጣልኝ።

ጋጋሪዋ፦
ሁለታችሁም እህል ውኃ የማትቀምሱ ትመስላላችሁ። እኔ ሃያ ዓመት ዳቦ ቤት ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያው ልናገር። ጁላይ 13 ቀን 1788 ፈረንሳይ ላይ በረዶ ዘነበ፤ በመንገዱ ያገኘውን ለአጨዳ የደረሰ ሰብል አደቀቀው። ቀጥሎ የመጣው የብርድ ክረምት ወንዞቹን በበረዶ አጋገራቸው። ወንዝ ሲጋገር የውኃ ወፍጮ ይቆማል፤ እህል ያለው ሰው እንኳ ዱቄት አጣ ማለት ነው። ፓሪስ ውስጥ 8 ወይም 9 ሱ (የሊቭር ሳንቲም) ይሸጥ የነበረው ሁለት ኪሎ የሚያህል ዳቦ በፌብሩዋሪ 1789 አሥራ አራት ሱ ተኩል ገባ። የቀን ሠራተኛ የሚያገኘው ከ20 እስከ 30 ሱ ነው። በቤቱ በቀን ሁለት ዳቦ ከተበላ ለማገዶ፣ ለኪራይ፣ ለጫማ ምን ይተርፈዋል?

ዱቄት ሲወደድ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ዋጋ ብጨምር እሰደባለሁ፤ ሊጡን ባሳንስ ሌባ እባላለሁ። ደንበኛ ዳቦውን መዳፉ ላይ አድርጎ ከፍ ዝቅ እያደረገ ሲመዝነው፣ ከዚያ ቀና ብሎ ሲያየኝ ያለውን ዐይን አውቀዋለሁ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን ፓሪስ ውስጥ ፍራንሷ የተባለ ጋጋሪ ዳቦ ደብቀሃል ተብሎ ተሰቅሏል። ሰቃዮቹ ሞንቴስኪዩን አንብበው ነበር?

የታሪክ መምህር፦
እትዬ፣ ያነሡት ሁሉ እውነት ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። በ1709 የነበረው ክረምት ከዚያ የባሰ ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በረሀብና በበሽታ አለቀ፤ ሉዊ 14ኛ ግን በዙፋኑ ላይ ቆይቶ በአልጋው ላይ ሞተ። በ1775ም ዱቄት ተወድዶ ፓሪስና ዙሪያዋ ታምሶ ነበር፤ «የዱቄት ጦርነት» እስኪባል ድረስ። ወታደር ወጣ፣ ጥቂት ሰው ተሰቀለ፣ ነገሩ በረደ። ረሀብ ሁከት ያስነሣል፤ ሕገ መንግሥት ግን አያስጽፍም።

ሒሳብ ሹሙም አይዝናና። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ዕዳ ከሀገሪቱ ምርት ጋር ሲመዘን ከፈረንሳይ የከበደ ነበር። ለምን አልፈረሰችም? አበዳሪ ያምናት ስለነበር በዝቅተኛ ወለድ ትበደራለች። ያመናትም ብድሩንና ግብሩን የሚያጸድቅ ምክር ቤት ስላላት ነው። ተማሪያችንም ቢሆን እንግሊዞች ንጉሣቸውን ቻርልስ 1ኛን አደባባይ አውጥተው አንገቱን የቀሉት በ1649 መሆኑን አይርሳ። የአብርሆት ፈላስፋው ቮልቴር የተወለደው ከዚያ 45 ዓመት በኋላ ነው።

አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ፦
ስለ መጽሐፍ ከተነሣ የእኔም ሙያ ነው። ዳንኤል ሞርኔ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ በ1910 አንድ ጥናት አሳተመ፤ የ18ኛውን ክፍለ ዘመን 500 የግል ቤተ መጻሕፍት ዝርዝሮች አገላብጦ ሲያበቃ የሩሶን «ማኅበራዊ ውል» ያገኘው በአንዱ ብቻ ነው። እኔ አልገረመኝም። በእኔም መደብር የሚደነቀው መጽሐፍ ሌላ ነው፤ የሚሸጠው ሌላ። ከስዊዘርላንድ በኮንትሮባንድ እየገባ ከጠረጴዛ ሥር የሚቸበቸበው የሉዊ 15ኛ ውሽማ የማዳም ዱ ባሪ ወሬ ነበር። ማንም ሰው ስለ ሉዓላዊነት አንዲት ዐረፍተ ነገር ሳያነብ ንጉሥ ማለት በአልጋው ላይ የሚሣቅበት ሽማግሌ መሆኑን ተማረ።

ዘውድ ወዳጅ፦
ይህን ሁሉ ጊዜ ዘውድና አብርሆት ጠላቶች እንደነበሩ አድርጋችሁ ታወራላችሁ። ማን ነገራችሁ? ቮልቴር የፕሩሲያው ፍሬድሪክ 2ኛ ቤተ መንግሥት ተቀምጦ እንጀራ በልቷል። የሩሲያዋ ካትሪን 2ኛ የፈላስፋውን የዲድሮን ቤተ መጻሕፍት በ1765 ገዝታ እስኪሞት እዚያው ቤቱ እንዲጠቀምበት ተወችለት። የኦስትሪያው ዮሴፍ 2ኛ በ1781 የገበሬውን ገባርነት ሻረ። ሉዊ 16ኛም ቢሆኑ ክፉ ንጉሥ አልነበሩም፤ በ1780 ተጠርጣሪን ለማናዘዝ ይደረግ የነበረውን ግርፋት አስቀሩ፤ በ1787 ለፕሮቴስታንቶች የሲቪል መብት ሰጡ። ጥፋታቸው የዋህነታቸው ነው። እኛም አገር በ1966 ዓ.ም. የሆነውን ስናስብ...

የሕግ ተማሪ፦
1966ን ለሌላ ቀን እናቆየው፤ እዚያ ከገባን ፓሪስን ዳግመኛ አናያትም።

ሒሳብ ሹም፦
ለሉዊ አንቱታ መስጠትዎ ደስ ይላል። በ1793 ፓሪስ ውስጥ አንቱ መባባል ራሱ ያስጠረጥር ነበር። ንጉሡንም ችሎት ፊት ያቆሙት «ሉዊ ካፔ» ብለው ነው፤ እንደ ማንኛውም ተከሳሽ።

የታሪክ መምህር፦
ስለ ካትሪን የተነገረው ታሪክ ግማሽ ነው። ዲድሮ በ1773 ፒተርስበርግ ድረስ ሄዶ ብዙ ምክር ለገሳት፤ እርስዋም በትዕግሥት ሰማችው፤ ምንም አላደረገችም። ራዲሽቼቭ የተባለው የራስዋ ባለሥልጣን በ1790 የገበሬውን መከራ በመጽሐፍ ሲያወጣ ሞት ተፈርዶበት፣ ቅጣቱ ተቀይሮለት ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ። ፈላስፋ የሚወደደው ሩቅ ሆኖ ሲጽፍ ነው።

ጋጋሪዋ፦
የሉዊ ሚስት ማሪ አንትዋኔትስ? «ዳቦ ካጡ ኬክ ይብሉ» ያለችው?

የታሪክ መምህር፦
እትዬ፣ አላለችም። ሩሶ ስለ አንዲት ልዕልት «ኑዛዜ» በተባለው የሕይወት ታሪኩ ላይ የጻፋት ወግ ናት። በተጻፈችበት ጊዜ ማሪ አንትዋኔት ገና ቪየና ያለች ልጅ ነበረች። ግን ሰው ለምን አመነ? ዳቦ የንጉሥ ኃላፊነት ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው። ኦክቶበር 5 ቀን 1789 የፓሪስ ሴቶች በዝናብ ቬርሳይ ድረስ በእግር ሄዱ፤ በማግስቱ ንጉሡን፣ ንግሥቲቱንና ልጃቸውን ይዘው ሲመለሱ «ጋጋሪውን፣ የጋጋሪውን ሚስትና የጋጋሪውን ልጅ አመጣን» ይሉ ነበር።

አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ፦
ወደ መጽሐፍ ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም ሁላችሁም የዘለላችሁት አንድ አለ። በ1781 የገንዘብ ኃላፊው ኔከር የንጉሡን ገቢና ወጪ አሳተመ። በሰማያዊ ሽፋን የወጣ የሒሳብ ሪፖርት ነው፤ ፍቅር የለው፣ ግድያ የለው። ሕዝቡ ግን ተሻምቶ ገዛው፤ በአሥር ሺዎች ተሸጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ የንጉሥ ካዝና የንጉሥ ምሥጢር ነበር።

ሒሳብ ሹም፦
ያ ሪፖርት እኮ ውሸት ነው! የ10 ሚሊዮን ሊቭር ትርፍ አለ ይላል። የጦርነቱን ወጪ «ልዩ ወጪ» ብሎ ከመዝገቡ ውጭ አስቀምጦታል። በእኔ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያደረገ ሰው...

አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ፦
እንዲያውም ውሸት መሆኑ ነገሩን አባሰው! ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1787፣ ካሎን ባላባቶችን ሰብስቦ ካዝናው ባዶ ነው፣ እናንተም እንደ ሌላው የመሬት ግብር ክፈሉ ሲላቸው ያነሡት ጥያቄ ቀላል ነው፦ ኔከር ትርፍ ብሎን ነበር፤ ከሁለታችሁ የዋሸን ማነው? መዝገቡን አምጣ። በሉዊ 14ኛ ዘመን ቢሆን ማን ይጠይቃል?

የሕግ ተማሪ፦
እንግዲህ ያንን የመጠየቅ ድፍረት ከየት አገኙት? የከፍተኛ ፍርድ ቤቶቹ ዳኞች ለንጉሡ በሚጽፉት አቤቱታ ውስጥ «ሕዝብ»፣ «ዜጋ»፣ «አምባገነንነት» የሚሉት ቃላት ከመጽሐፍ እንጂ ከዱቄት ጆንያ አልወጡም። ሲዬስ የተባለ ካህን በጃንዋሪ 1789 ባሳተመው ጽሑፍ ሦስተኛው መደብ (ካህን ወይም መኳንንት ያልሆነው ሕዝብ) ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ሁሉም ነገር ነው ብሎ መለሰ። እስከ ዛሬስ ምን ነበር? ምንም። ይህን ለማለት አንድ ሰው አስቀድሞ ሥልጣን ከየት ይመነጫል ብሎ ማሰብ አለበት።

የታሪክ መምህር፦
እዚህ ላይ ከተማሪው ጋር ነኝ፤ ለአንድ እርምጃ ያህል። ያንን ቃል መጀመሪያ የተጠቀሙበት ድሆች አይደሉም፤ ግብር ላለመክፈል የታገሉ መኳንንት ዳኞች ናቸው። የፓሪስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ንጉሡን አምባገነን እያለ ሲከስ ሕዝቡ በጭብጨባ ያጅበው ነበር። ሴፕቴምበር 1788 ላይ የመደቦች ጉባኤ (የሦስቱ መደቦች ተወካዮች ስብሰባ) በ1614 ደንብ ይሰብሰብ ብሎ ወሰነ። ካህናት አንድ ድምፅ፣ መኳንንት አንድ ድምፅ፣ ከመቶ ዘጠና አምስት የሚበልጠው ሕዝብም አንድ ድምፅ ማለት ነው። የዳኞቹ ዝና ወዲያው ወደቀ። ቃሉ ግን ተመልሶ ወደ ባለቤቶቹ አልገባም።

ጋጋሪዋ፦
ገበሬውስ? እሱን ማንም አልጠየቀው?

የታሪክ መምህር፦
ተጠይቋል። ለጉባኤው ሲባል የየመንደሩ አቤቱታ በ1789 መጀመሪያ በደብተር ተጻፈ። ብዙዎቹ ስለ ማኅበራዊ ውል አይናገሩም። ስለ ጨው ግብር፣ ስለ አሥራት፣ የጌታው አዳኞች ስለሚረግጡት ቡቃያ ይናገራሉ። ደግሞ ስለ እርግብ። እርግብ ማርባት የጌታው መብት ነው፤ እርግቦቹ የገበሬውን ዘር ሲለቅሙ ገበሬው ቆሞ ያያል፤ ቢገድላቸው ይቀጣል። ኦገስት 4 ሌሊት የባላባት መብቶች ሲሻሩ የእርግብ ቤቱ መብት በዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ ነው የገባው።

ሒሳብ ሹም፦
እሺ፣ ካዝናው በሩን ከፈተ፤ በበሩ ማን እንደሚገባ ግን ካዝና አይወስንም። እስከዚህ ድረስ እቀበላለሁ፤ ከዚህ አላልፍም።

ዘውድ ወዳጅ፦
እኔ እዚያም አልደርስም። ጥሩ ንጉሥ ጥሩ ጸሐፊ ይፈልጋል፤ ሉዊ አንድ ነበራቸው፣ አልሰሟቸውም።

አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ፦
ማልዘርብን ማለትዎ ከሆነ የእርሳቸውን ነገር ልጨምር። የመጻሕፍት ሳንሱር የበላይ ኃላፊ ነበሩ። የዲድሮ ኢንሳይክሎፒዲያ ሲታገድ ወረቀቶቹ እንዲወረሱ ትእዛዝ የሚሰጡት እርሳቸው ናቸው። አስቀድመው ዲድሮን አስጠነቀቁት፤ ይህን ሁሉ ወረቀት የት ልደብቀው ሲላቸው «ወደ እኔ ቤት ላከው፤ እዚያ ማንም አይፈትሽም» አሉት ይባላል። እኚህ ሰው ዕድሜያቸው 70 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በዲሴምበር 1792 ለንጉሡ ጠበቃ ልሁን ብለው ጻፉ። ንጉሡ ጃንዋሪ 21 ቀን 1793 ተገደለ። እርሳቸውንም በኤፕሪል 1794 ከሴት ልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር በአንድ ቀን ወደ ጊሎቲን ወሰዷቸው። አብዮቱን ያመጣው መጽሐፍ ነው ካላችሁ መጽሐፉን ያተረፈው እጅ ይህ ነው።

ጋጋሪዋ፦
በዚያን ሰሞን ዳቦ ዋጋው ወርዶ ነበር?

የታሪክ መምህር፦
በሕግ ተተምኖ ነበር እትዬ። ከ1793 ጀምሮ ከተመኑ በላይ የሸጠ ይቀጣል። ሰልፉ ግን ከንጋት በፊት ይጀምር ነበር።

ጋጋሪዋ፦
ሰልፉን ሳልነገርም አውቄዋለሁ።