ጥቆማ፦ ለመኸር የአጋዘን አደን የቱ አገልግሎት፣ የቱ ዕቃ?

ጥያቄ፦ ወገኖች፣ የአዳኝነት ትምህርቱን ጨርሼ ፈቃድ አውጥቻለሁ። በዚህ መኸር ነጭ ጭራ አጋዘን ለማደን አስቤያለሁ። መሪ ያለው አደን ይሻላል ወይስ መሬት ተከራይቶ ለብቻ መውጣት? ከዕቃስ ቅድሚያ የሚሰጠው ለየትኛው ነው? ሥጋውን የሚበልት ቤት ልስጥ ወይስ ራሴ ላወራርደው? በደንብ የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ ሳምንቱን ምረጥ። በሰሜን አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል የነጭ ጭራ አጋዘን ስሪያ የሚጦፈው ኖቬምበር አጋማሽ ገደማ ነው። ይህን የሚወስነው የቀኑ ማጠር እንጂ ብርዱ ስላልሆነ ከዓመት ዓመት ብዙም አይዛነፍም። ብርዱ የሚለውጠው እንስሳው በቀን ብርሃን ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ነው። ሴፕቴምበር ላይ አጋዘኑ ከመኝታው ወደ መኖው፣ ከመኖው ወደ መኝታው በለመደው መንገድ ይመላለሳል። ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ ግን ወንዱ ዛፍ እየፈገፈገ፣ መሬት እየጫረ ሴት ፍለጋ ይዞራል፤ ያለወትሮው በእኩለ ቀንም ይታያል። ለመሪ የምትከፍል ከሆነ ክፍያህ በዚህ ጊዜ ላይ ይዋል። ጥሩዎቹ መሪዎች እነዚህን ሳምንታት ቀድመው ስለሚያስይዙ በጊዜ ደውል።

አገልግሎቱ ሦስት ዓይነት ነው። ሙሉ መሪ ያለው፣ ቦታና መቀመጫ (አጋዘን የሚጠበቅበት ስፍራ) ብቻ የሚሰጥ፣ መሬት ብቻ የሚያከራይ። ለጀማሪ መካከለኛው ይበልጥብኛል። የት እንደምትቀመጥ ያሳዩሃል፣ ሽታህን ወደ አጋዘኑ እንዳይወስድ ነፋሱን አንብቦ የመወሰኑ ሥራ ግን የአንተ ይሆናል፤ ትምህርቱም ያለው እዚያ ላይ ነው። ሙሉ መሪ ያለው የሚጠቅመው ጊዜ ለሌለው ወይም የወደቀውን እንስሳ ብቻውን ማውጣት ለማይችል ሰው ነው።

ከማንኛውም መሪ ጋር ከመዋዋልህ በፊት የምትጠይቀውን ልንገርህ። በሳምንት ስንት አዳኝ ታስተናግዳላችሁ? በስንት ሄክታር ላይ? ነፋሱ ሲዞር መቀመጫ ትቀይሩልኛላችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። አንድ መቀመጫ ላይ በተከታታይ ቀናት ሰው ከተቀመጠበት አጋዘኖቹ ያንን ቦታ በሌሊት ብቻ መጎብኘት ይጀምራሉ። ሌላው የቆሰለ እንስሳ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ቆስሎ የጠፋውን እንደተገደለ ይቆጥራሉ፣ አደንህም እዚያው ያበቃል። ስለ ቀንድ መጠን ገደብና ስለ ቅጣቱም ውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር። መሬቱ በረጅም አጥር የተከለለ መሆን አለመሆኑን ጠይቅ፤ ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ አደኖች ናቸው። ከእነሱ ጋር ያደኑ ሰዎችን አድራሻ ሲሰጡህ ደግሞ ቀንድ ይዞ የተመለሰውን ብቻ ሳይሆን ባዶ እጁን የተመለሰውንም ሰው ጠይቀህ አናግር። የአገልግሎቱን ጥራት በትክክል የሚነግርህ እሱ ነው።

መልስ፦ ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ስለ መሣሪያ ልጨምር።

በአንዳንድ ስቴቶች ወይም ቀጠናዎች ቀለሃቸው ወደ ጫፉ የማይጠብ፣ ቀጥ ያለ የሆነ ጥይቶች ወይም አንድ ትልቅ አረር (ስለግ) የሚተኩሱ ሾትገን ጠመንጃዎች ብቻ ናቸው የሚፈቀዱት፤ ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት የምታድንበትን ቀጠና ደንብ አንብብ። ገደብ ከሌለ .308 ዊንቸስተር የሚባለው የጥይት ዓይነት በ150 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) አረር ወይም 6.5 ክሪድሞር በ140 ግሬን ገደማ አረር ለዚህ እንስሳ ከበቂ በላይ ነው። .30-06 ጎበዝ ነው፣ ነገር ግን ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ምት ጀማሪውን ደንግጦ ምላጩን እንዲፈነቅል ያስለምደዋል። ምላጭ መፈንቀል ያቆሰለው እንስሳ ከካሊበር (የጥይት ውፍረት) ማነስ ይልቅ ይበዛል። .243 በ100 ግሬን ምቱ ቀላል ነው፤ ከትከሻ አጥንት ጋር ግን አታጋጨው።

.308ን 100 ሜትር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ እንዲል አድርገህ ካስተካከልከው እስከ 200 ሜትር ድረስ ያለ ማካካሻ መሐሉን መያዝ ትችላለህ፤ የልብና የሳንባው ቦታ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ከመደብር የገዛኸው ስኮፕ (የማነጣጠሪያ መነጽር) ብሎኑ በትክክል ካልጠበቀ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። በመመሪያው የተጻፈውን የማጥበቂያ ልክ ተጠቀም፤ ከመጠን በላይ ማጥበቅ ቱቦውን ይሰረጉደዋል። ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስተዋቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኮፕ ለጫካ ይበቃል። ከፍ ያለ ማጉላት ጫካ ውስጥ እንስሳውን ፈልገህ እስክታገኘው ድረስ ያመልጥሃል።

የጥይት ምርጫ ላይ ደግሞ፣ ሥጋውን የምትበላው ከሆነ ሙሉ መዳብ የሆነውን እመክራለሁ። የእርሳስ አረር አጥንት ሲመታ ጥቃቅን ስብርባሪ ይረጫል፤ ስብርባሪውም ከቁስሉ ራቅ ብሎ ስለሚገኝ ዙሪያውን ብቻ መቁረጥ ሁሉንም አያወጣውም፤ ተፈጭቶ ሲቀርብ ደግሞ ጨርሶ አይታይም። መዳብ ጫፉ የሚከፈተው ፍጥነት ሲኖረው ነው፤ ስለዚህ ከእርሳሱ ቀለል ያለ ግሬን ምረጥ፣ ርቀቱንም አታብዛ። እያንዳንዱ ጠመንጃ የሚወደው ጥይት ስላለ፣ ለአደን የምትይዘውን ራሱን ገዝተህ ዒላማ ላይ ሞክረው።

መልስ፦ ክሮስቦው (በምላጭ የሚተኮስ ቀስት) ለጀማሪ ቀላል ነው ሲባል ስለምሰማ አንድ ነገር ላርም። ዒላማ ላይ ቶሎ ይለመዳል፣ እውነት ነው። ቢሆንም ከ30 እስከ 40 ሜትር ባለው ርቀት ላይ አጋዘኑ የገመዱን ድምፅ ሰምቶ ዝቅ ሊልበት የሚችለው ጊዜ አለ፤ ፍላጻው ሳንባውን አልፎ ከጀርባው ላይ ይመታል። ስለዚህ የተረጋጋ፣ ወደ አንተ የማይመለከት እንስሳ ጠብቅ፣ ርቀቱንም አሳጥር። ፍላጻ ሳይኖርበት ክሮስቦው ማስፈንጠር ክንፎቹን ይሰነጥቃል። ገመዱን በሰም ቀባ፣ አውራ ጣትህን ከሐዲዱ በታች አቆይ። ብዙ ጣት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

መልስ፦ ከተኮስክ በኋላ የምትጠብቀው ጊዜ ከመሣሪያው ምርጫ አያንስም። ሮዝ አረፋማ ደም ካየህ ሳንባ ነው፤ 30 ደቂቃ ጠብቀህ ሂድ። ጠቆር ያለ ቀይ ከሆነ ጉበት ሊሆን ስለሚችል 4 ሰዓት ያህል ተወው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነገር፣ የፈርስ ሽታ ያለበት ከሆነ ሆዱን ነው የመታኸው፤ ከ8 ሰዓት ያላነሰ ቆይ። ቶሎ ከተከተልከው ከተኛበት ተነሥቶ ከአካባቢው ይጠፋል። በብዙ ስቴቶች በማሰሪያ የተያዘ ደም ፈላጊ ውሻ መጠቀም ይፈቀዳል። የውሻ ባለሙያ ስልክ ከወቅቱ በፊት ያዝ፣ ስቴትህ መፍቀዱንም አረጋግጥ። ውሻ ልትጠራ ከሆነ ደሙን አትርገጥ፣ ሰዎችንም አትሰብስብ፤ ሽታውን ሁሉ ታበላሽበታለህ።

መልስ፦ የዛፍ ላይ መቀመጫ ላይ ጠንከር ልበል። ከዛፍ መውደቅ ከአደን አደጋዎች ዋነኛው ነው። የሚጎዱትም ብዙዎቹ ሲወጡና ሲወርዱ እንጂ ተቀምጠው ሳሉ አይደለም። ሙሉ ሰውነት የሚይዘው የደህንነት ቀበቶ ከመቀመጫው ጋር ይመጣል፤ የሚረሳው ግን ከመሬት እስከ መቀመጫው የሚዘረጋው የሕይወት ገመድ ነው። ገመዱ ላይ በሚንሸራተተው ቋጠሮ ተያይዘህ ከመሬት እግርህን ካነሣህበት ጊዜ ጀምሮ ታስረሃል። ከቀበቶው እስከ ገመዱ ያለው ማያያዣ ተቀምጠህ ሳለ ጥብቅ ሊል የሚገባው ነው፤ ልል ከሆነ የምትወድቀው ርቀት ይረዝማል። ተንጠልጥለህ ከቀረህ እግርህ ላይ ደም ይቆማል፤ ስለዚህ እግር የሚያስገባበት ማሰሪያ ያለውን ግዛ። ቀበቶው ላይ የተሠራበት ቀን ይጻፋል፤ 5 ዓመት ሲሞላው ጣለው። ከዛፍ ላይ ዓመቱን ሙሉ የከረመ ማሰሪያ በፀሐይና በአይጥ ጥርስ ይሳሳል፤ አምና ያሰርከውን ዘንድሮ ሳትመረምር አትውጣበት።

ባለመሰላሉን ለጀማሪ እመርጣለሁ፤ ክብደቱ ይበዛል፣ ለመትከልም ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ነገር ግን ይረጋጋል። ዛፍ የሚቧጥጠው ተንቀሳቃሹ ዓይነት ቀጥ ያለና ቅርንጫፍ የሌለው ዛፍ ይጠይቃል፤ በውርጭ የተሸፈነ ቅርፊት ላይ ይንሸራተታል። ከ5 እስከ 6 ሜትር ከፍታ ይበቃል። ከዚያ በላይ ስትወጣ የምትተኩስበት ማዕዘን ስለሚሾል ሁለቱን ሳንባ መምታት ይከብዳል። ጠመንጃህ ባዶ ሆኖ በገመድ ይሳብ እንጂ በትከሻህ አይውጣ።

መልስ፦ ልብስ ላይ አጠር ላድርግ። ሲሄዱ ማላብ፣ ሲቀመጡ መንቀጥቀጥ ነው ችግሩ። ወፍራሙን ካፖርት በጀርባ ሻንጣ ይዘህ ሂድና ደርሰህ ሰውነትህ ሲቀዘቅዝ ልበሰው። ቆዳህ ላይ ጥጥ አታስጠጋ፤ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ይሁን። ቦት ጫማ 400 ግራም መከለያ ያለው ለኦክቶበር ይሆናል፤ ለኖቬምበር መቀመጫ 800 ወይም 1000 ግራም ያስፈልግሃል፣ ካልሲው ግን እግርህን አያጨናንቅ፤ ደም ሲቆም መከለያው ምንም አይጠቅምም። ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ በብዙ ስቴቶች በደንቡ ይጠየቃል፤ አጋዘን ብርቱካናማን በደንብ አይለይም፤ ሰማያዊን ግን በግልጽ ያያል፤ ልብስን የሚያደምቁ ሳሙናዎች ደግሞ ሰማያዊ ጨረር ይጨምራሉ። ለሽታ መርጫ ገንዘብህን አታውጣ። ነፋስ የሚያሳይ የዱቄት ጠርሙስ ያዝና ለነፋሱ ቦታህን ቀይር። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አየሩ ከሸለቆ ወደ ላይ፣ ምሽት ሲቀዘቅዝ ወደ ታች ይፈሳል።

ባይኖኩላር ላይ 8x42 ከ10x42 ይሻላል፤ የመጀመሪያው ቁጥር ማጉላቱ፣ ሁለተኛው የፊት መስተዋቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 42ን በ8 ስታካፍል 5.25 ሚሊ ሜትር፣ በ10 ስታካፍል 4.2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብርሃን ወደ ዓይንህ ይገባል፤ አጋዘን የሚወጣበት ጨለም ያለ ሰዓት ላይ ልዩነቱ ይታያል። ማጉላቱ ሲያንስም የእጅ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። 10x42 የሚያስመሰግነው ሰፊ ሜዳ ላይ ነው።

መልስ፦ የሥጋው ነገር ለመጨረሻ ስለቀረ ዝርዝሩን እኔ ልያዘው። ብዙ ጊዜ የዱር ሥጋ ይሸታል የሚባለው ከእንስሳው ሳይሆን ከአያያዝ ነው።

ደንቡ የሚጠይቀውን የፈቃድ ምልክት መጀመሪያ እንስሳው ላይ እሰር። ጭንቅላቱ ከፍ ባለው በኩል እንዲሆን በጀርባው አስተኛው። ከፍርምባው ሥር ትንሽ ቀደህ ሁለት ጣትህን አስገባና የቢላውን ስለት ወደ ላይ አድርገህ በጣቶችህ መካከል እየገፋህ ወደ ታች ክፈት፤ ስለቱ ወደ ውስጥ ከዞረ ጨጓራውን ትበሳለህ። ፊንጢጣው ዙሪያውን ይቆረጥ፣ የሽንት ፊኛው ሳይፈስ ይያዝ። በደረትና በሆድ መካከል ያለውን ሥጋ ቆርጠህ እጅህን ወደ ጉሮሮ ላክና የመተንፈሻ ቱቦውን ቁረጥ፤ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ወደ ታች ሳበው። ፈርስ ከነካው በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ የተበከለውን ቀጭን ቆርጠህ ጣለው። ጎድኑን በእንጨት ከፍተህ አናፍሰው። ሲጎተት ከራሱ በኩል ይሁን፤ ጸጉሩ ወደ ኋላ ስለሚተኛ ይንሸራተታል። የውጭው ሙቀት ከ10 ዲግሪ በላይ ከሆነ ውሃ ሞልተህ ያቀዘቀዝካቸውን የፕላስቲክ ጠርሙሶች በሆዱ ውስጥ ጨምር፤ ልቅ በረዶ ቀልጦ ሥጋውን ያጥበዋል። ዓላማው ከ4 ዲግሪ በታች በቶሎ ማድረስ ነው።

ቢላን በተመለከተ፣ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለት ያለው ቋሚ ቢላ ይሻላል። ተለዋጭ ስለት ያለው ለመግፈፍ እጅግ ስለታም ነው፣ መገጣጠሚያ ላይ ሲጣመም ግን ይሰበራል፤ ስባሪው ሥጋ ውስጥ ከቀረ ፈልገህ ማግኘት አትችልም።

ለሚበልት ቤት ልትሰጥ ከሆነ፣ የእኔን አጋዘን ሥጋ ብቻ ነው የምትመልሱልኝ ብለህ ጠይቅ። አንዳንዶቹ ለመፍጨት ከብዙ አዳኞች የመጣውን ይቀላቅላሉ። የማቀዝቀዣ ክፍላቸው የሙቀት ልክ ይታይ፤ ከመቆረጡ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ይንጠልጠል፤ የሰውነቱ መድረቅ ሳይለቀው የተቆረጠና የቀዘቀዘ ሥጋ ይጠነክራል። ለተፈጨው ስብ መጨመር የተለመደ ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜም የአሳማ ስለሚሆን፣ የማትፈልግ ከሆነ የከብት እንዲሆን ወይም ያለ ስብ እንዲሆን ትእዛዙ ላይ ይጻፍ። ሽንጡንና ዳቢቱን ሙሉውን አስቀምጡልኝ፣ ወርቹንና ፍርምባውን ፍጩልኝ ማለት ጥሩ ትእዛዝ ነው። አጥንት የወጣለት ሥጋ ሆድ ዕቃው ከወጣ በኋላ ካለው ክብደት ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ይሆናል፤ ጥይቱ ትከሻውን ከመታ ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥቂት ሥጋ ስለመለሱ ብቻ ሰርቀውኛል አትበል። ጊዜና ቦታ ካለህ ግን ራስህ አወራርደው፤ ከከብት አይከብድም።

አንድ ነገር ግን አትዝለል። የአጋዘን መክሳት በሽታ በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ ተለይቶ ከታወቀ ወዲህ ከ30 በላይ በሆኑ የአሜሪካ ስቴቶች ተገኝቷል። በጠማማ ፕሮቲን የሚተላለፍ በመሆኑ በማብሰል አይጠፋም። በሰው ላይ የተረጋገጠ በሽታ አልተገኘም፣ ነገር ግን የጤና ባለሥልጣናት የተያዘ እንስሳን እንዳትበላ ይመክራሉ፤ የታመመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጤነኛ መስሎ ስለሚታይ በዓይን አይለይም። በሽታው በተገኘበት ቀጠና ከሆንክ ከአንገቱ ላይ የሊምፍ ዕጢ ናሙና እንዲወሰድ አድርግ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ለብቻው አቀዝቅዝ፣ እሽጎቹ ላይም የመለያ ቁጥሩን ጻፍ። አከርካሪውንና ጭንቅላቱን በመጋዝ አትቁረጥ፤ ከአጥንቱ ላይ ሥጋውን ብቻ አውጣ። ከስቴት ስቴት ስትሻገር አጥንትና አንጎል ማጓጓዝ በብዙ ቦታ ስለሚከለከል የሁለቱንም ስቴት ደንብ አንብብ። የተፈጨውን 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ አብስለው፤ የዱር ሥጋ ጥሬውን አይበላም።