ኢንቮይስ የሚያመሳክር ኤጀንት ኢአርፒ ላይ ስንገጥም ፈቃዱ እስከ የት ይሁን?

ክር_ኮምቦልቻ
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ባለ የክር ፋብሪካ ኢአርፒ (ግዢን፣ ስቶርንና ሒሳብን አንድ ላይ የሚይዝ ሶፍትዌር) ላይ ኤጀንት፣ ማለትም በኤአይ ሞዴል ራሱ የሚሠራ ፕሮግራም፣ እየተገጠመ ነው። የግዢ ትዕዛዙን፣ ጂአርኤኑን (ዕቃው ስቶር መግባቱን የሚያሳየውን ሰነድ) እና የአቅራቢውን ኢንቮይስ አስተያይቶ ከተስማሙ ለክፍያ ያሳልፋል። አሁን ትክክለኛውን ሁሉ «አይመሳሰልም» እያለ ይመልሳል፤ አንድ የጥጥ ኢንቮይስ ደግሞ ሁለቴ ተመዝግቧል። ግዢውንም፣ ስቶሩንም፣ ሒሳቡንም የሚሠራው አንዱ ኤጀንት ነው። ፕሮምፕቱን (ለሞዴሉ የምንጽፈውን መመሪያ) እናስተካክል ወይስ ሥራውን እንከፋፍለው?

ሒሳብ_ደሴ
አብሽሩ፣ የሚስተካከል ነገር ነው፤ ግን በፕሮምፕት አይደለም። ከፋፍሉት። አንዱ ኤጀንት ኢንቮይሱን አንብቦ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር)፣ የኢንቮይስ ቁጥር፣ ቀን፣ መጠን፣ ዋጋና ቫት ብቻ ያውጣ፤ ኢአርፒው ውስጥ ምንም የመጻፍ ፈቃድ አይኑረው። ፒዲኤፉ ላይ «ይህ ጸድቋል፣ ክፈሉ» የሚል ጽሑፍ ቢኖር ሞዴሉ እንደ ትዕዛዝ ሊወስደው ይችላል፤ የመጻፍ ፈቃድ ከሌለው ግን ጉዳቱ እዚያው ይቀራል።

አመሳካሪው ኤጀንት ድራፍት (ያልጸደቀ ረቂቅ) ይክፈት፣ ፖስት የሚያደርገው፣ ማለትም አጽድቆ ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባው፣ ሰው ይሁን፤ ያውም የግዢ ትዕዛዙን ያዘጋጀው ያልሆነ ሰው። ለእያንዳንዱ ኤጀንት የራሱን ዩዘር ስጡት። በአድሚን ዩዘር ከገባ ኦዲተር ማን ምን እንደሠራ ከሎጉ (ሲስተሙ ከሚይዘው የሥራ መዝገብ) መለየት አይችልም።

ኮድ_ሐይቅ
«አይመሳሰልም» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከመለኪያና ከቀን ነው። ትዕዛዙ 42 ኩንታል ጥጥ ይላል፣ ኢንቮይሱ 4,180 ኪሎ። ኤጀንቱ 42ን ከ4,180 ጋር ያስተያያል። ልወጣውን ለሞዴሉ አትተዉለት፣ በኮድ ይሠራ። የቀረው 20 ኪሎ ግማሽ በመቶ አይሞላም፤ ጥጥ በደረቅ አየር እርጥበት ሲለቅ ክብደቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የሚፈቀደው ልዩነት በየዕቃው ይወሰን፦ ለጥጥ ለምሳሌ 1 በመቶ፣ ለማሽን መለዋወጫ ዜሮ።

ቀኑ ደግሞ የባሰ ነው። 03/13/2017 ማለት ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ነው፤ ሞዴሉ ግን ወርን አስቀድሞ እንደ ፈረንጆቹ ማርች 13 ያነበዋል። በትክክል ቢለወጥ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025 ነበር። የተዘጋ የሒሳብ ዓመት ውስጥ ይገባና ይመለሳል። የአቅራቢን ስምም አታመሳክሩ፤ «ፀሐይ»ና «ጸሀይ» ሁለት ድርጅት ይሆኑባችኋል። 10 አሃዙን ቲን ተጠቀሙ።

ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ መጀመሪያ ዶላርን ከዶላር አስተያዩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን፣ በብር ካስተያያችሁ ሁሌም ልዩነት ይኖራል።

ክር_ኮምቦልቻ
እግዜር ይስጥልኝ፣ የኩንታሉ ነገር በትክክል የእኛው ነው። ሁለቴ የተመዘገበውስ?

ኮድ_ሐይቅ
ኔትወርክ ሲቆራረጥ ነው የሚሆነው። ኢአርፒው መዝግቦታል፣ «ተቀብያለሁ» የሚለው መልስ ግን ለኤጀንቱ አልደረሰውም፤ ስለዚህ ደግሞ ይልካል። «ከመላክህ በፊት አጣራ» ብሎ ማዘዝ አያድንም፤ ሁለት ጥያቄ እኩል ከደረሰ ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ ያገኛሉ። ቲንና የኢንቮይስ ቁጥር ተጣምረው ዳታቤዙ ላይ የማይደገም ቁልፍ ይሁኑ፤ ሁለተኛውን ራሱ ዳታቤዙ ይመልሰዋል።

ሒሳብ_ደሴ
ኤጀንቱን ለሥራ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ሙሉ የወር መዝጊያ በንባብ ፈቃድ ብቻ ከሠራተኞቹ ጎን ይሥራ። አጥብቃችሁ የምትቆጥሩት ማለፍ ሳይገባው ያለፈውን ነው፤ ያለአግባብ የተመለሰው ጊዜ ቢያባክን እንጂ ገንዘብ ከባንክ አያስወጣም።