አፈገፈጉ፣ ሸሹ ወይስ ተሰደዱ?

የጣቢያ ልጅ፦ ትናንት ኤፍኤም ላይ አንዱ «ጃንሆይ በ1928 በአዳማ አልፈው ስልታዊ ማፈግፈግ አደረጉ» ሲል ሻዩ ሊያንቀኝ ነበር። በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በእንግሊዝ የጦር መርከብ። ይሄ ነው ማፈግፈግ? ሸሹ በሉና ይውጣላችሁ።

መምህሩ፦ ረጋ በል እንጂ። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ራሳቸው ተዋግተዋል። የወጡት ሚያዝያ 24 ነው። ሰኔ 23 ጄኔቭ ቆመው ጣሊያንን ከሰሱ። የሸሸ ሰው እንዲህ ያደርጋል?

የጣቢያ ልጅ፦ ፈሪ ናቸው ማን አለ? ክርክሬ ከቃሉ ጋር ነው። አርበኛው ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትም በጊዜው አይሂዱ ብለው ሞግተዋል።

ሻምበል፦ ልጁ እውነቱን ነው። እኛ ስናፈገፍግ ግማሹ እየተኮሰ ይሸፍናል፣ ግማሹ ወደኋላ ይላል፣ ከዚያ ይቀያየራል። አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ጠላት ነው። ፉርጎ ውስጥ ተቀምጦ ያፈገፈገ አላየሁም።

መምህሩ፦ ሻምበል፣ እርስዎ የሚሉት የጦር ሜዳውን ነው። የመንግሥት ሌላ ነው። ራስ እምሩን እንደራሴ አድርገው ትተዋል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ገብተዋል። የተመለሰ አፈገፈገ ይባላል።

የጣቢያ ልጅ፦ «የተመለሰ አፈገፈገ ይባላል»! እንግሊዝ ባያግዝ ኖሮ ቃሉ ይቀየር ነበር ማለት ነው?

ሰሊ ፖስታ ቤት፦ እኔም አከራዬ ሲጨምርብኝ ቤቱን ለቅቄ ዳር ወጣሁ። የምመለስ አይመስለኝም። መምህር፣ ሸሸች በሉኝ በቃ 😂

ባንከሩ፦ በእንግሊዝኛ ማፈግፈጉም ብር ማውጣቱም «withdrawal» ነው። እኛ ጋ ግን «ወጪ» ነው የሚባለው። ብር ሊያወጣ መጥቶ «ላፈግፍግ» ያለ ደንበኛ አልገጠመኝም።

መምህሩ፦ ቀልዱ ይቆየን። «የተመለሰ» ያልኩት አስቦበት የሄደ ለማለት ነው።

የጣቢያ ልጅ፦ አሁን ደግሞ መምህር ከቃላቸው እያፈገፈጉ ነው። ወደኋላ!

ሜሪ፦ «ወደኋላ ማፈግፈግ» ደግሞ ምንድን ነው? ወደፊት የሚያፈገፍግ አለ? አያቴ «ጃንሆይ የተሰደዱ ጊዜ» ነበር የምትለው። ሸሹም አፈገፈጉም ብላ አታውቅም።

የጣቢያ ልጅ፦ ሽሽት ሲከበር ስደት ይባላል።

ሜሪ፦ አፍህን ሰብስብ! የእመቤታችንንም ስደት ሽሽት ልትለው ነው? በጽጌ የምንጾመው ለምን ሆነና?

የጣቢያ ልጅ፦ መልአኩ ራሱ ዮሴፍን ወደ ግብፅ «ሽሽ» ነው ያለው። ማቴዎስ 2ን ክፈቺ።

ሜሪ፦ ታዲያ ሽሽት ነውር ካልሆነ ምን አንጨረጨረህ?

የጣቢያ ልጅ፦ ነውር ነው አላልኩም። በስሙ ይጠራ ነው ያልኩት።

አባ ገራገር፦ በስሙ ይጠራ ካልክማ ያኔ ባቡሩ ያለፈው ናዝሬትን ነው ወይስ አዳማን?

ኦዳ፦ ጀመራችሁ! አዳማ ድሮም አዳማ ነው። ናዝሬት ያሏት ጃንሆይ ናቸው።

አባ ገራገር፦ እኔ ናዝሬት ተወልጄ ነው ያደግኩት። የልደት ካርዴን ላፈግፍገው?

ሻምበል፦ ስለ ከተማው ስም ማን ጠየቀ? እኔ የጠየቅኩት አፈሙዙን ነው። ወዴት ነበር የዞረው?