ካምቢዮውን ሳላወርድ የከበደውን የፍሪሲዮን ፔዳል ምክንያት እንዴት ልለይ?

መኪናዬ የ1999 ሞዴል ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ሲሆን፣ ሞተሩ 1.8 ሊትር፣ ካምቢዮው ባለ 5 ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑም በካቦ ሳይሆን በዘይት ግፊት የሚሠራ ነው። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ቀስ በቀስ እየከበደ መጥቶ፣ አሁን በተጨናነቀ መንገድ ላይ ግራ እግሬን እስኪያንቀጠቅጠኝ ድረስ ጠንክሯል። ክብደቱ ግን ወጥ አይደለም፤ ፔዳሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ይይዝና ድንገት ይለቃል፣ ሞተሩ ሲግል ደግሞ ይብሳል። ማርሽ ያለ ችግር ይገባል፤ ዳገት ላይም ፍሪሲዮኑ አይንሸራተትም።

ዘይቱን ቀይሬ አየር ባስወጣም ለውጥ አላየሁም (አየር ፔዳልን ያላላል እንጂ አያከብድምና ብዙም አልጠበቅሁም)። የማስተር ሲሊንደሩን (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን የላይኛውን ሲሊንደር) ዘንግ ከፔዳሉ ነጥዬ ስሞክር ፔዳሉ በነፃነት ተንቀሳቀሰ። የታችኛውን ሲሊንደር ከካምቢዮው ፈትቼ ፒስተኑን በእጄ ወደ ውስጥ ስገፋው ዘይቱ ሳይታገድ ወደ ማጠራቀሚያው ስለተመለሰ፣ የጎማ ቱቦው ከውስጥ አብጦ ተዘግቷል የሚለውን ጥርጣሬም ትቼዋለሁ። በሹካው (የታችኛው ሲሊንደር ገፍቶ ፍሪሲዮኑን የሚያስለቅቅበት ማንሻ) ቀዳዳ በኩል በባትሪ ሳይ፣ ሹካው የሚደገፍበት ኳስ ላይ ያለው ግሪስ ደርቆ ጠቁሯል፤ ኩሽኔታው (ሹካው የሚገፋው የፍሪሲዮን ቤሪንግ) የሚንሸራተትበት ቱቦ ግን ከዚያ አይታይም።

የቀድሞው ባለቤት ፍሪሲዮኑን አስቀይሮ ነበር፤ የተገጠመው መደበኛው ይሁን ጠንካራ ስፕሪንግ ያለው የውድድር ዓይነት ግን አያስታውስም። የትኛውን ዕቃ አስቀድሜ እንደምገዛ ለመወሰን፣ ከሹካውና ከኩሽኔታው መድረቅ የሚመጣውን ክብደት ከፕሬሸር ፕሌቱ (የፍሪሲዮኑን ዲስክ ጨምቆ ከሚይዘው ሳህን) ስፕሪንግ ከሚመጣው ለይቶ የሚያሳይ፣ ካምቢዮው ሳይወርድ የሚደረግ ምን ዓይነት ምርመራ አለ?