ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ለሲቪል ሰው በሰፊው ይሰጥ ወይ? የባሕር ዳር ነዋሪዎች ክርክር

አወያዩ፦ በአሜሪካ የሕዝቡ አስተያየት በሁለት ትውልድ ውስጥ ተገልብጧል። እ.ኤ.አ. በ1959 ጋሉፕ የተባለው ድርጅት ባደረገው መጠይቅ፣ ከመቶ 60ው ሽጉጥ ከፖሊስና መሰል ሥልጣን ካለው አካል በቀር ለማንም እንዳይፈቀድ ይፈልግ ነበር። መሣሪያ ቤትን ይበልጥ ይጠብቃል የሚለው ሰው ግን በ2000 ከመቶ 35 ከነበረበት በ2014 ወደ 63 ከፍ አለ፤ ዛሬ ከግማሽ በሚበልጡት ክፍለ ግዛቶች ሽጉጥን ያለ ፈቃድ ደብቆ መያዝ ይቻላል። እገታ ባስጨነቀን በዚህ ጊዜ እኛስ ፈቃዱ ለሰላማዊ ሰው በሰፊው ይሰጥ ብለን እንጠይቅ ወይ?

የዘጌው ቡና ነጋዴ፦ እኔ ይሰጥ ባይ ነኝ። የቡና ሽያጭ ገንዘብ ይዤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ስመለስ፣ ከወደቡ እስከ ቤቴ ባለው የእግር መንገድ አንድም የጸጥታ ሰው አላገኝም። ጎረቤቴ የታገተበትን ልጅ ለማስለቀቅ የቡና ማሳውን አስይዞ ተበድሯል፤ ልጁ ተመልሷል፣ ዕዳው ግን እስካሁን አልተከፈለም። አጋቹ ፈቃድ ጠይቆ አይታጠቅም፤ ሕጉ ባዶ እጁን ያስቀረው ሕግ አክባሪውን ነው። ምንሽር በትከሻዬ አንግቤ ባንክ ቤት መግባት ስለማልችል፣ የሚያዋጣኝ በወገቤ የሚያዝ ሽጉጥ ነው።

የሕግ ባለሙያዋ፦ የወንድሜ ሥጋት እውነተኛ ነው፣ አላቃልለውም። ነገር ግን አሜሪካኖቹ የሚከራከሩት እ.ኤ.አ. በ1791 በጸደቀ፣ መሣሪያ የመያዝን መብት በሚጠብቅ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ላይ ቆመው ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸውም በ2008 መሣሪያን ለራስ መከላከያ በቤት መያዝ የግለሰብ መብት እንደሆነ፣ በ2022 ደግሞ በ6 ለ 3 ድምፅ ይኸው መብት ከቤት ውጭም እንደሚሠራ ወስኗል። የእኛ ሕገ መንግሥት እንዲህ ያለ አንቀጽ የለውም። የመሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነገሩን በፈቃድ ብቻ የሚገኝ አድርጎ ቁጥጥሩን ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል።

ደግሞ የእነርሱ ለውጥ ከምን እንደመጣ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1999 መሣሪያ ካላቸው አሜሪካውያን 49 በመቶዎቹ ዋናው ምክንያታችን አደን ነው ሲሉ ራስን መከላከል ያሉት 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2023 በተደረገ ሌላ መጠይቅ ግን ራስን መከላከልን ከዋና ዋና ምክንያቶቻቸው አንዱ አድርገው የጠቀሱት 72 በመቶ ነበሩ። የኃይል ወንጀል ደግሞ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 2014 ድረስ በግማሽ ገደማ ቀንሶ ነበር። ወንጀሉ እየቀነሰ ሰው ይበልጥ ወደ መሣሪያ ከዞረ፣ ፍርሃት የራሱን መንገድ ይሄዳል ማለት ነው፤ በፍርሃት ብቻ የሚወጣ ሕግም ፍርሃቱን አያበርደውም።

ጡረተኛው መምህር፦ የእኛ አገር ሰው ለመሣሪያ እንግዳ አይደለም። በጎጃም ገጠር በሬውን ሸጦ ጠመንጃ የገዛ ገበሬ ሞልቷል፤ በለቅሶና በሠርግ ጠመንጃ የሌለው ሰው አንገቱን ይደፋ ነበር። ይሁንና ያ ጠመንጃ በትከሻ ላይ በግልጽ የሚውል ነበር። የማን ምንሽር እንደሆነ፣ ከአባቱ ወርሶት ወይም ከማን ገዝቶት እንደሆነ አገር ያውቀዋል። እኔ ባደግሁበት መንደር ሁለት ሰዎች በድንበር የተቀያየሙ እንደሆነ ሽማግሌዎች ከሁሉ አስቀድመው መሣሪያቸውን ተረክበው በአንድ ቄስ ቤት ያስቀምጡ ነበር፤ ዕርቁ በመሐላ ሳይታሰር አይመለስላቸውም። ያም ሆኖ በዚያው ጠመንጃ ደም ሲመላለስ፣ አባት የሞተበትን ጠብ ልጅ ሲቀጥል አይቻለሁና ዘመኑን አላሞግሰውም።

የሚያሳስበኝ የመደበቁ ነገር ነው። ከኮት ሥር ያለን ሽጉጥ የትኛው ሽማግሌ ነው «አምጣ» ብሎ የሚረከበው? በመጠጥ ቤት አጠገቤ የተቀመጠው ሰው መታጠቁን ካላወቅሁ ቃሌን አልመጥንም፣ ጠቡንም ለማብረድ አልቸኩልም። በግልጽ የሚያዝ መሣሪያ ቢያንስ በሰው ዓይን ይጠበቅ ነበር፤ ይኸኛው ግን ባለቤቱን ከጎረቤቱና ከሽማግሌው ቁጥጥር ያወጣዋል። ስለዚህ ፈቃዱ በሰፊው መሰጠቱን እቃወማለሁ።

ነርሷ፦ በሠርግ ሰሞን ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት የቤት ቆርቆሮ በስቶ፣ ተኝታ የነበረች ሕፃን ጭን ውስጥ ሲቀር አይቻለሁ። ቁስሉ መግቢያ እንጂ መውጫ አልነበረውም፤ እናትየው ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አታውቅም። በአሜሪካም ቢሆን በጥይት ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ቤት የገባ ሽጉጥ ተስፋ የቆረጠ ሰው እጅም ሊገባ እንደሚችል አብረን እናስብ።

ነጋዴው፦ መምህር፣ እርስዎ ያሉት ገብቶኛል። እንግዲያው ፈቃድ የተሰጠው ሰው ስም ለቀበሌው ነዋሪ በይፋ ይነገር፤ መሣሪያው ቢደበቅም ባለቤቱ አይደበቅም።

የሕግ ባለሙያዋ፦ የስም ዝርዝሩ ራሱ አደጋ ነው። መሣሪያ ፈላጊ በበዛበት በዚህ ወቅት ሽጉጥ አለበት ተብሎ የታወቀ ቤት ለዘራፊ ይጋለጣል። አንተን እንዲጠብቅህ የያዝከው ነገር ሌሊት በርህን የሚያስመታ ይሆናል።

መምህሩ፦ ዝርዝሩ ከሚለጠፍ ዋስ ይጠራ። በዕድር የሚያውቁት ሦስት ጎረቤቶች ፈርመው፣ ከእነርሱ አንዱ «ጠባዩ ተለውጧል፣ ከእንግዲህ አልዋሰውም» ያለ ዕለት መሣሪያው ፖሊስ ዘንድ ይቀመጥ። ይህን ያህል ቁጥጥር ካለው ለጥቂቶች፣ በተለይ እንዳንተ ገንዘብ ይዞ ለሚንቀሳቀስ ሰው ቢሰጥ አልከለክልም።

ነጋዴው፦ የሚዋሱኝ ሦስት ሰዎች አላጣም። ይህ ሥርዓት በሕግ እስኪወጣና ፈቃዱ እስኪሰጠኝ ድረስ ግን ከወደቡ እስከ ቤቴ ያለውን መንገድ የሚጠብቅልኝ ማን እንደሆነ፣ ይሰጥ የሚለውን የምትቃወሙ ሁሉ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ።