የሒሳብ ፕሮግራም በሪሞት ዴስክቶፕ፦ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ አልታይ አለ

ሰላም ባለሙያዎች። የሒሳብና የስቶክ ፕሮግራማችን ዳታ ዋናው ቢሮ ሰርቨር ላይ በሼርድ ፎልደር ተቀምጧል። በውስጥ ኔትወርክ 6 ኮምፒውተሮች ያለችግር ይሠሩበታል። ከቅርንጫፍ በቪፒኤን (ቢሮዎቹን በኢንተርኔት ላይ በሚያገናኝ የግል መስመር) ሲከፈት ግን አንድ ሽያጭ ለመመዝገብ ከ3 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ መስመር ለአፍታ ከተቋረጠም ፋይሉ ተቆልፎ ይቀራል።

መስመሩ ከ10 ወደ 20 ሜጋቢት አድጎ ለውጥ አልመጣም። መምጣትም አልነበረበትም፦ ፒንጉ (መልእክት ሰርቨሩ ደርሶ ለመመለስ የሚወስደው ጊዜ) 40 ሚሊሰከንድ ነው፤ ፕሮግራሙ ዳታውን በፋይል ደረጃ ስለሚያነብ 5000 ጊዜ ቢመላለስ መጠበቁ ብቻ 200 ሰከንድ ይወስዳል። (ኢንተርኔት ሻጩ ይህን አይነግራችሁም።)

ስለዚህ ፕሮግራሙ እዚያው ሰርቨሩ ላይ እየሠራ ቅርንጫፉ ስክሪኑን ብቻ በሪሞት ዴስክቶፕ እንዲያይ አደረግሁ። ሪሞት ዴስክቶፕ የሚጠቀምበት ፖርት 3389 ለኢንተርኔት አልተከፈተም፤ በቪፒኤን ውስጥ ብቻ ነው። ፍጥነቱ ተስተካከለ፤ መስመር ሲቋረጥም ሥራው ሰርቨሩ ላይ ካቆመበት ይቀጥላል።

የተጣበቅሁት ማሽኑ ላይ ነው። የሽያጭ መመዝገቢያው ከቅርንጫፉ ኮምፒውተር ጋር በሲሪያል ኬብል በኮም 3 (የኮምፒውተሩ ሲሪያል ፖርት) ተገናኝቷል። ሪሞት ዴስክቶፑ ላይ «ፖርትስ» የሚለውን መርጫለሁ፣ ግሩፕ ፖሊሲውም (የዊንዶውስ የፈቃድ ቅንብር) ኮም ፖርት አይከለክልም። ሰርቨሩ ላይ ፖርቶችን የሚዘረዝረውን «ቼንጅ ፖርት» የሚል ትእዛዝ ስሰጥ ኮም 3 ይታያል፤ ፕሮግራሙ ግን ዲቫይስ ማናጀር (የዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር) ውስጥ ካላየው አይቀበለውም፣ በሪሞት ዴስክቶፕ የተላለፈ ፖርት ደግሞ እዚያ አይወጣም።

ሲሪያሉን በኔትወርክ የሚያስተላልፍ መቀየሪያ ሣጥን ገዝቶ ሰርቨሩ ላይ ቨርቹዋል ኮም ፖርት በመፍጠር ያሠራ አለ? ማሽኑ የ40 ሚሊሰከንዱን መዘግየት ይታገሣል ወይስ ደረሰኝ መሃል ላይ ያቋርጣል? ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ሳይገባ መጨረስ አለብኝ።